«ሰላምታ ምን ይጎዳል?» እና ሌሎች የግሩፕ ክርክሮች

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወፍ የምናይ፣ ፎቶ የምናነሳ ሰዎች የቴሌግራም ግሩፕ አለን። አድሚኑ እኔ ነኝ። ከርዕስ የወጣ ነገር ባጠፋሁ ቁጥር የሚመጣብኝ ክርክር ያው ነው። ሰለቸኝ፤ እዚህ ጽፌ ልገላገል።

«ሰላምታ ምን ይጎዳል?» የሚያንጨረጭረኝ ይሄ ነው። ጎህ ሳይቀድ አንዱ ጽጌረዳ ለጥፎ «መልካም ቀን ቤተሰብ» ይላል፣ ከዚያ እስከ ረፋድ አሜን ብቻ። ማንም አይቆጣም። ሰው ዝም ብሎ ግሩፑን ሚዩት ያደርገዋል፤ ሚዩት ካደረገ ደግሞ ቁም ነገር ሲመጣም አይሰማም። እዚህ ከተማ በዓል መቼ ያልቃል? እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ ዒድ፣ ፋሲካ፣ ፍቼ ጫምባላላ። የአውሮፓን ብርድ የሚሸሹት ወፎች ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን የሚገቡት መስከረም አካባቢ ነው፣ የአደይ አበባ ፎርዋርድ የሚጎርፈውም ልክ ያኔ! አንድ አዲስ ልጅ ፍቅር ሐይቅ ጋ ያነሳትን ረጅም እግር ያላት ትንሽ ወፍ ለጥፎ «ምን ትባላለች?» አለ። ጥያቄው በእንኳን አደረሳችሁ ተቀበረ። መልሱን የሚያውቁት ጎበዞቻችን ከቆየ ሚዩት አድርገዋል። ልጁ ጠበቀ ጠበቀና ወጣ።

ከዚያ በኋላ ሰላምታ ከለከልኩ። አንዲት እናት ደውለው «ልጄ፣ ሰላም ማለትም ነውር ሆነ?» አሉኝ። «ኧረ እትዬ፣ እንዲህ እየደወሉ ይበሉኝ፣ ደስ ነው የሚለኝ» አልኳቸው። አሁን ግሩፑን በርዕስ ከፋፍዬ «ቡና» የሚባል ክፍል ከፍቻለሁ። ቴሌግራም ላይ እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው ሚዩት ማድረግ ስለሚቻል ያልፈለገ የቡናውን ዘግቶ የወፉን ክፍት ይተዋል። እናንተም እንዲሁ አድርጉ።

«ሕጉ ፒን ተደርጓል» ለሚሉኝ፦ ማንም አያነበውም።

«አባል ሲበዛ ግሩፑ ያድጋል።» የቴሌግራም ግሩፕ እስከ 200,000 ሰው ይይዛል። አባ ኮዳ የሚባለውን ትልቅ ወፍ ከጥንብ አንሳ የሚለይ ከሌለበት ምን ይረባል?

«የሚያጠፋ አድሚን ሥልጣን ወዳድ ነው።» አንዳንዱ እውነትም ነው። ሰው ፊት አትገሥጹ። መልእክቱን አጥፉና በውስጥ መስመር ለምን እንደሆነ በአጭሩ ንገሩት፣ አብዛኛው ሰው ይቅርታ ብሎ ያልፋል። የሐዋሳ ከተማ ኳስ ቡድን በሚጫወትበት ቀን ደግሞ ወሬው ካልቆመ ስሎው ሞድ አለላችሁ፣ አንዴ የጻፈ ሰው ደግሞ እስኪጽፍ እስከ 1 ሰዓት ያስጠብቃል። ንዴት ያን ያህል አይቆይም።

ከእኔ የባሱ አክራሪዎችም አሉ፣ «ከርዕስ የወጣ ሁሉ ይጥፋ» የሚሉ። አይሆንም። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ዛሬ ዓሣ በብዛት ገባ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ስለ ወፍ አላወራም፤ ግን የዓሣ ትርፍራፊ ባለበት አባ ኮዳ አለ፣ ካሜራ ይዘን የምንሄደውም ወደዚያው ነው። እሱ ይቆያል። የቤት ኪራይ የሚለጥፈውን ደላላ ግን ሳልመክር ነው የማስወጣው።