«ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቃል»፦ ተረቱና የዴልሂዋ ራዚያ ዙፋን

«ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለው ተረት፣ ሴት የቱንም ያህል አዋቂ ብትሆን የነገሩ መቋጫ ከወንድ እጅ አይወጣም ለማለት ይነገራል። ብዙውን ጊዜ የሚሰማው ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ሲመክር፣ ሴቲቱ የልቧን ተናግራ ስታበቃ ነው። ግሡን ልብ ላለ ሰው «ብታውቅ» ሳይል «ቢያውቅ» ይላል፤ አንዲትን ሴት ለይቶ ሳይጠራ በሴት ወገን ላይ በጅምላ ይፈርዳል። «ያልቃል»ም ሁለት ፊት አለው፤ ነገር ሲቋጭ ያልቃል፣ ሰውም ሲጠፋ ያልቃል።

ተረቱ የእኛ ቢሆንም፣ ሁለቱም ፊቶቹ በሕንድ አገር በዴልሂ ሱልጣኖች የዙፋን ሽኩቻ ጎልተው ታይተዋል። ሱልጣን ኢልቱትሚሽ ለአልጋው ያሰበው የበኩር ልጁ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1229 ሞተበት። በኋላ ወደ ግዋሊየር ሲዘምት ዴልሂን ለሴት ልጁ ለራዚያ አደራ ሰጥቶ ሄደ፤ ሲመለስም አልጋ ወራሽነቷ በጽሑፍ እንዲሰፍር አዘዘ። መኳንንቱ «ለአካለ መጠን የደረሱ ወንዶች ልጆች እያሉ?» ብለው ቢሞግቱት፣ ወንዶቹ በተድላ መጠመዳቸውን ጠቅሶ ከእርሷ የሚሻል እንደማያገኙ ነገራቸው።

በ1236 ሲሞት ግን ቃሉን ትተው ወንድሟን ሩክን አልዲን ፊሩዝን አነገሡ። እርሱ በፈንጠዝያ ሲከርም መንግሥቱን የያዘችው እናቱ ሻህ ቱርካን ነበረች። ሰባት ወር ሳይሞላ አገረ ገዢዎቹ ሸፈቱበት፤ ራዚያም የዴልሂን ሕዝብ ድጋፍ ይዛ ነገሠች። ሴቶች ከወንድ ዐይን የሚከለሉበትን መጋረጃ ትታ፣ እንደ ወንድ ለብሳ ቆብ ደፍታ፣ በዝሆን ላይ ተቀምጣ በአደባባይ ትታይ ነበር። በእኛ አጠራር የባልደራስነትን ሹመት ለሐበሻው ለያቁት ስትሰጥ ግን በዘር ቱርክ የሆኑት መኳንንቷ ቂም ያዙባት። በ1240 የባቲንዳው ገዢ አልቱኒያ ዐመፀ፤ ያቁት ተገደለ፣ እርሷ ታሰረች፣ ሌላው ወንድሟ ባህራም በዙፋኗ ተቀመጠ። ያሰራትን አልቱኒያን አግብታ ዙፋኗን ለማስመለስ ብትዘምትም፣ ተሸንፋ በካይታል አካባቢ ተገደለች።

የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ሚንሃጅ አስተዋይነቷን፣ ፍትሕ ዐዋቂነቷንና የጦር መሪነቷን ዘርዝሮ ካወደሰ በኋላ፣ ከወንድ ስላልተቆጠረች ይህ ሁሉ ምን ጠቀማት ይላል። ይህ ተረቱ ራሱ በሌላ አንደበት ሲነገር ነው፤ እኔን ግን የሚያሳዝነኝ፣ ዕውቀቷን መስክሮ ሲያበቃ ጥፋቱን ከገዳዮቿ ላይ አንሥቶ በፆታዋ ላይ መጫኑ ነው። ወንድ ነው ተብሎ የነገሠውን ባህራምን ራሳቸው መኳንንቱ በ1242 ከዙፋኑ አውርደው ገደሉት።