ሂትማን፦ ከ2000 ወዲህ የተለዋወጡት ሕጎችና የተጫዋቾች ክርክር

ሂትማን የዴንማርኩ አይኦ ኢንተራክቲቭ ኮፐንሃገን ላይ የሚሠራው ተከታታይ የቪዲዮ ጌም ነው። የመጀመሪያው ክፍል፣ ኮድኔም 47፣ በ2000 ወጣ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዋናው ገጸ ባሕርይ ኤጀንት 47 የሚባል፣ ማጅራቱ ላይ ባርኮድ ያለበት ራሰ በራ ቅጥር ገዳይ ነው። ጌሙ በስውር ከሚጫወቱት ወገን ቢመደብም ስፕሊንተር ሴል እንደሚባለው ሌላ ጌም ጥላ ውስጥ መሸሸግን አያስተምርም። 47 በጠራራ ፀሐይ በሰው መሃል ይሄዳል፤ መደበቂያው የለበሰው ልብስ ነው። አስተናጋጅ ከመሰለ ወጥ ቤት ይገባል፣ ጠባቂ ከመሰለ መሣሪያ ይዞ ያልፋል። ስለዚህ የልብስ ሕጉ በተነካ ቁጥር ጌሙ ከሥር ከመሠረቱ ይነካል፤ ደጋፊዎቹን ለዓመታት ካከራከሯቸው ነገሮችም ብዙዎቹ መነሻቸው እዚህ ላይ ነው።

በኮድኔም 47 በተልዕኮ መሃል ሴቭ ማድረግ፣ ማለትም የደረሱበትን መዝግቦ ማቆየት፣ አይቻልም ነበር። ሃያ ደቂቃ ተደክሞ የተሠራ ሥራ በአንድ የተሳሳተ በር ይጠፋል። በ2002 የወጣው ሳይለንት አሳሲን የተወሰነ ቁጥር ያለው ሴቭ ሰጠ፤ የክብደት ደረጃው ሲጨምር የሴቩ ቁጥር ይቀንሳል። በስውርና ያለ አላስፈላጊ ግድያ ለጨረሰ ሰው የሚሰጠው ትልቁ ማዕረግ የጌሙን ስም ይዞ የመጣውም በዚህ ክፍል ነው። ቅሬታው ጥርጣሬው ላይ ነበር። ትክክለኛውን ልብስ የለበሰ ተጫዋች ጠባቂ አጠገብ ከሮጠ ይጠረጠራል፤ በጃፓን በሚካሄዱት ሰፋፊ ተልዕኮዎች ደግሞ ይህ ማለት በበረዶ ላይ ረጅም መንገድ ቀስ ብሎ መራመድ ማለት ነው። ሕጉ ምክንያታዊ ነው፤ ካርታው፣ ማለትም ተልዕኮው የሚካሄድበት ቦታ፣ ግን ለሕጉ አልተሠራም ነበር።

በ2004 የወጣው ኮንትራክትስ የመጀመሪያውን ክፍል በርካታ ተልዕኮዎች አሻሽሎ መልሶ አቀረበ። ብላድ መኒ በ2006 ተከተለ፤ ብዙ ነባር ተጫዋቾች እስከ ዛሬ እንደ መለኪያ የሚይዙት እሱን ነው። ዋናው ጭማሪው አደጋ የሚመስል ግድያ ነው። ዒላማውን ከበረንዳ መግፋት፣ የጣሪያ መብራት ላዩ ላይ መጣል ይቻላል። በፓሪሱ የኦፔራ ተልዕኮ የመድረኩን የውሸት ሽጉጥ በእውነተኛ ከቀየሩት፣ ምንም የማያውቀው ተዋናይ ራሱ ይገድላል። ሞቱ አደጋ ከመሰለ ጠባቂው ገዳይ አይፈልግም። ተጫዋቹ ቀድሞ ያየ፣ ያሰበና የጠበቀ እንደሆነ ጌሙ ይክሰዋል፤ ከተያዘም ወደ ኋላ ቢያስብ ስህተቱን ያገኘዋል።

ከዚያ ስድስት ዓመት ዝም ተባለ። አብሶሉሽን በኖቬምበር 2012 ሲመጣ በምስል ጥራት ከቀደሙት በብዙ ይበልጥ ነበር፤ በቻይናታውኑ ተልዕኮ ገበያውን የሞላው ሕዝብ ያኔ ያስገርም ነበር። ታሪኩ ግን ተጫዋቹን እጁን ይዞ የሚወስድ ሆነ። ሰፊ ካርታ ለብዙ ትንንሽ ክፍሎች ተቆራረጠ፤ በአንዳንዶቹ ዒላማ የሚባል ነገር የለም፣ ከመግቢያው በር እስከ መውጫው ሳይታዩ መድረስ ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹን አራት ክፍሎች ሙዚቃ የሠራው ዬስፐር ኪድም አልተመለሰም።

ትልቁ ቁጣ የመጣው ግን በልብሱ ሕግ ነው። በአብሶሉሽን አንድ ዓይነት ልብስ የለበሱ ሁሉ እርስ በርሳቸው ይተዋወቃሉ ተብሎ ይታሰባል። የወጥ ቤት ሠራተኛ ከመሰልክ የወጥ ቤት ሠራተኞች በሙሉ ያፈጡብሃል። ሦስት ሰው ባለበት ወጥ ቤት ሐሳቡ ትክክል ነው። በደርዘን የሚቆጠሩ ፖሊሶች በሚዞሩበት መንገድ ላይ ግን እያንዳንዱ ፖሊስ ሌላውን ሁሉ በመልክ እንዲያውቅ መጠበቅ ያልሆነ ነገር ነው። ለማለፍ ኢንስቲንክት የሚባለውን ቁልፍ መጫን ግድ ይላል፤ 47 በእጁ ፊቱን ይከልላል፣ መጠኑን የሚያሳየው መስመር እያለቀ ይሄዳል፣ ሲያልቅ ይነቃበታል። በከባዶቹ ደረጃዎች መስመሩ በራሱ ተመልሶ አይሞላም። ውጤቱ የተገላቢጦሽ ሆነ፤ ጥሩ ልብስ ማለት በካርታው ላይ ጥቂት ሰው የለበሰው ልብስ ማለት ሆነ፣ እሱ ካልተገኘ ደግሞ በራስ ሱፍ ከሣጥን ወደ ሣጥን መሹለክ ይቀላል። የጌሙ ልዩ መለያ የሆነው ነገር ለተጫዋቹ ሸክም ሆነበት ማለት ነው።

አዲስ መጤዎች በበኩላቸው አብሶሉሽንን ወደውታል። ተኩሱ የተሻለ ነበር፤ ቁጥጥሩም ከቀደሙት እጅግ የቀለለ ነው። ተጫዋቾች ራሳቸው ዒላማ መርጠው ለሌሎች ፈተና የሚያዘጋጁበት ኮንትራክትስ የተባለው የጨዋታ ዓይነትም (ከ2004ቱ ጌም ጋር ስሙ ብቻ ነው የሚመሳሰለው) በነባሮቹ ሳይቀር ተመሰገነ፤ በኋላ በመጡት ጌሞችም ቀጥሏል። የአብሶሉሽን ሰርቨር (ጌሙ በኢንተርኔት የሚገናኘው ኮምፒውተር) በ2018 ሲዘጋ ግን በዚያ ጌም የተሠሩት ኮንትራክቶች አብረው ጠፉ።

በ2016 ሂትማን ተብሎ ብቻ የወጣው ክፍል የልብሱን ጥያቄ በሚገባ ፈታው። አሁን የሚያውቁህ ኢንፎርሰር የሚባሉት ጥቂቶች ብቻ ናቸው፤ ከራሳቸው በላይ ነጭ ነጥብ ይታያል። በተለምዶ አለቃ ወይም ተቆጣጣሪ ናቸው፣ ማለትም ሠራተኞቻቸውን ማወቅ የሚገባቸው ሰዎች። ማምለጫው ግልጽ ነው፦ ጀርባ ሰጥቶ መራቅ፣ በመሃል ግድግዳ ማስገባት፣ ወይም ከልብሱ ጋር የሚሄድ ሥራ ያለበት ቦታ ላይ መቆም። ወጥ ቤት ውስጥ ድስት ማማሰል፣ ግቢ ውስጥ መጥረግ ጥርጣሬውን ያቆመዋል። ልብስ ከቀየሩ በኋላ የሚያዙ ጀማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳቱት ነጩን ነጥብ ሳይፈልጉ ወደ ክፍሉ ዘው በማለታቸው ነው።

አወጣጡ ግን ሌላ ጭቅጭቅ አስነሣ። ጌሙ በክፍል በክፍል ተሸጠ፤ ፓሪስ በማርች ተጀምሮ ሆካይዶ በኦክቶበር መጨረሻ ዘጋው። ጨርሰው ሳይሠሩ ይሸጡልናል ያሉት ብዙ ነበሩ። ሆኖም መጠበቁ ተጫዋቹን አንዱን ካርታ ደጋግሞ እንዲጫወት አስገደደው፤ በእያንዳንዱ ካርታ እስከ 20 የሚደርሰው የማስተሪ ደረጃም አዲስ መነሻ ቦታና መሣሪያ እየከፈተ አብሮት ሄደ። የጣሊያን የባሕር ዳር ከተማ የሆነችው ሳፒየንዛ በዚህ መንገድ ተወደደች። አራት ዒላማ ያለበት የኮሎራዶ የታጣቂዎች እርሻ ግን ብዙም አልተወደደም፤ ሰላማዊ ሰው የሌለበት ቦታ ስለሆነ በሱፍ የሚኬድበት የለም።

ኦፖርቹኒቲ የሚባሉት መመሪያዎችም ከፋፋይ ናቸው። ሙሉ በሙሉ ሲበሩ የት ሄደህ ምን እንደምታነሣ አንድ በአንድ ያሳያሉ፤ አሰሳው ወደ ተላላኪነት ይለወጣል። በማስተካከያው ገጽ ላይ መቀነስም ማጥፋትም ይቻላል። ጌሙ ቀለለ የሚል ሰው መጀመሪያ ይህን ማየት አለበት፤ ቅነሳው ብቻ የጨዋታውን መልክ ይቀይረዋል።

የማይረግበው ቅሬታ ኢንተርኔቱ ነው። ተልዕኮዎቹን ያለ ግንኙነት መጫወት ይቻላል፤ ነገር ግን ውጤት አይመዘገብም፣ ማስተሪ አያድግም፣ የተከፈቱት መሣሪያዎችና መነሻ ቦታዎችም አይገኙም። በግንኙነት ላይ ሳለ የተደረገ ሴቭ ያለ ግንኙነት አይከፈትም፤ መስመሩ በተልዕኮ መሃል ከተቋረጠ ጨዋታው ይቆማል። ብቻውን ለሚጫወት ሰው ይህ ከባድ ዋጋ ነው፤ ቅሬታው ትክክል ነው። ስቱዲዮው በ2017 ከባለቤቱ ከስኩዌር ኢኒክስ ኩባንያ ወጥቶ ሂትማንን ይዞ ራሱን ቻለ፤ በ2018 ሂትማን 2ን፣ በጃንዋሪ 2021 ሂትማን 3ን አወጣ፣ የሰርቨሩ ሕግ ግን እንዳለ ቀጠለ። በሴፕቴምበር 2021 የ2016ቱ ጌም ያለ ቅጂ መከላከያ በሚሸጠው ጂኦጂ መደብር ሲቀርብ ገዢዎች በዝቅተኛ ነጥብ አጥለቀለቁት፤ በቀጣዩ ወር ከመደብሩ ተነሣ።

ኢሉሲቭ ታርጌት የሚባሉት ዒላማዎች ከዚሁ ሰርቨር ጋር የተሳሰሩ ናቸው። ለተወሰኑ ቀናት ብቻ ይመጣሉ፣ ሴቭ የለም፣ 47 ከሞተ ዕድሉ አለቀ። ከነዚህ ሌላ ልብ የሚያርድ ነገር በጌሙ ውስጥ የለም የሚሉ አሉ፤ ሥራ ላይ ስለዋሉ ብቻ ያመለጣቸው ደግሞ ከፍለን ያጣነው ነው ይላሉ። በ2022 የመጣው፣ ያለፉትን ዒላማዎች መልሶ የሚያቀርበው አርኬድ ለሁለቱም መንገድ ሰጠ፤ የከሸፈበት ተጫዋች 12 ሰዓት ጠብቆ እንደገና ይሞክራል።

ሂትማን 3 በካርፓቲያን ተራሮች ባቡር ላይ ከሠረገላ ወደ ሠረገላ በሚያስኬድ አንድ መስመር ሲያልቅ የአብሶሉሽን ትዝታ የተቀሰቀሰባቸው ነበሩ። በ2021 ለብቻው የተሸጠው ሰቨን ደድሊ ሲንስ የተባለው ጭማሪ ይበልጥ ተተቸ፤ አዲስ ካርታ አላመጣም፣ በነባሮቹ ላይ የተጨመሩ ፈተናዎች ናቸውና።

በጃንዋሪ 2023 ሦስቱ ጌሞች ወርልድ ኦቭ አሳሲኔሽን በሚል ስም ተጠቃለሉ፤ ፍሪላንሰር የተባለው፣ የወንጀል ቡድኖችን በዘመቻ የሚያሳድዱበት የጨዋታ ዓይነትም አብሮ መጣ። እዚህ ሴቭ የለም። ተልዕኮ የከሸፈበት የያዘውን መሣሪያና ግማሽ ገንዘቡን ያጣል፤ በቀጣይ የሚሄድባቸው ቦታዎችም በተጠንቀቅ ይጠብቁታል። በዘመቻው መጨረሻ የቡድኑ መሪ ከተጠርጣሪዎች መካከል ይደበቃል፤ የሚለየው በመነጽር፣ በጸጉር ቀለም፣ በንቅሳት፣ ሲጋራ በማጨስ በመሳሰሉት ምልክቶች ነው። ምልክቱን ሳያረጋግጥ የተኮሰ መሪውን ያስደነብረውና ወደ መውጫው ያስሮጠዋል። ሴቭ ይኑር የሚለው ጥያቄ አሁንም አለ፤ የኮድኔም 47ን ፍርሃት የሚያስታውሱት ግን እንዳይነካ ይፈልጋሉ። ልዩነቱ በ2000 ተጫዋቹ የማያውቀው ካርታ ላይ መውደቁ ነበር፤ ፍሪላንሰር ሲጀምር ግን ፓሪስንም ሳፒየንዛንም እያንዳንዱን በር ለይቶ ያውቃቸዋል።