ለወንድ ልጅ የሴት ስም ማውጣት በጣና ዳርቻ

በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ የሴት የሚመስል ስም የያዘ ወንድ ማግኘት ብርቅ አይደለም። ከሩቅ ሲያዩት አንድ ልማድ ይመስላል፤ ሲጠጉት ግን እርስ በርሳቸው የማይዛመዱ መነሻዎች አሉት። አንዱ የሞት ፍርሃት ነው፤ ሌላው ከቤተ ክርስቲያን ይመጣል፤ የቀረው ደግሞ ዱሮውንም ጾታ ያልነበረው ስም ነው። ሦስቱን መደበላለቅ የተለመደ ስለሆነ ለየብቻ ማየቱ ይሻላል።

የአማርኛ ስም አብዛኛውን ጊዜ ጾታውን ራሱ ይናገራል። አበበ ወንድ ነው፣ አበበች ሴት ናት፤ ጥሩነህና ጥሩነሽም እንዲሁ። በጎጃም በሚዘወተሩት ረዘም ያሉ ስሞች ባንተአምላክን ከባንቺአምላክ የምትለየው አንዲት ፊደል ብቻ ናት። ስለዚህ ወንድ ልጅን «ባንቺ» ያለበት ስም ማሸከም ሳያስቡት የሚሆን ነገር አይደለም፤ ስም አውጪው ምክንያት አለው።

ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ሾተላይ ይባላል። ልጅ እየተወለደ የሚሞትባት እናት «ሾተላይ አለባት» ትባላለች፤ በእምነቱ መሠረት ሾተላይ ሕፃናትን የሚቀጥፍ ክፉ መንፈስ ነው። ከብዙ ሐዘን በኋላ የተወለደ ወንድ ልጅ ደግሞ ዓይን ይበዛበታል ተብሎ ይፈራለታል። አንዳንዱ ወላጅ በስሙ ሐዘኑን ይናገራል፦ ምትኩ፣ ካሣ፣ ማስረሻ። ሌላው ይለምናል፦ ቢያድግልኝ፣ ኑርልኝ። እነዚህ ስሞች ሞትን ፊት ለፊት ያናግሩታል። የሴት ስም ግን ሊያታልለው ይሞክራል። ልጁ በሴት ስም ይጠራል፣ «አንቺ» ይባላል፣ ጸጉሩ ሹሩባ ይሠራል፣ ቀሚስ ይለብሳል፣ አንድ ጆሮው ተበስቶ ጉትቻ ይንጠለጠልበታል። ሁሉም በሁሉም ቤት አይደረግም፤ አንዳንዱ እናት በስሙ ብቻ ትረካለች። ክፉ ቀን አለፈ ሲባል፣ ጥርሱን ሲነቅል ወይም ትምህርት ቤት ሲገባ፣ የወንድ ስም የሚወጣለት አለ፤ የመጀመሪያው ስም እንደተጣበቀበት የሚቀርም አለ።

ይህ ማታለያ ለጎረቤት ታስቦ እንዳልሆነ ከክርስትናው ሥርዓት መረዳት ይቻላል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ክርስትና ይነሣሉ፤ ለወንዱ የክርስትና አባት፣ ለሴቷ የክርስትና እናት ይቆምላቸዋል። እናትየው በ40ኛው ቀን ሕፃኑን ታቅፋ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ የሠፈሩ ሰው ሁሉ ወንድ መሆኑን ያውቃል። ካህኑ ያወጣለትን የክርስትና ስም ግን ለማንም ሰው መንገር አይወደድም፤ ስሙን ያወቀ መተተኛ ይጎዳዋል ይባላልና። ልጁ እንግዲህ አንዱን ስም ደብቆ ሌላውን እንደ ማሳሳቻ ተሸክሞ ያድጋል።

በስም ኃይል ማመኑ ከድሮ ክታቦችም ይነበባል። ደብተራዎች በብራና ጽፈው ለእናቶች በሚሰጡት ክታብ ውስጥ የቅዱስ ሱስንዮስና የሕፃናት ገዳይዋ የውርዝልያ ታሪክ አይጠፋም። ውርዝልያ የሱስንዮስን ልጅ ትገድላለች፤ እርሱ በፈረስ ተከትሎ በጦር ይወጋታል፤ እርሷም ስሙ በተጠራበት ቦታ ላትደርስ ትምላለች። እናት ክታቡን በአንገቷ የምታስረው ለዚህ መሐላ ነው።

ሐኪሞች ዛሬ ሾተላይ የሚሉት ሌላ ነገር ነው፤ ስሙን ከሕዝቡ ተውሰው የእናትና የፅንስ ደም አለመጣጣምን ይጠሩበታል። የእናቲቱ የደም ዓይነት አርኤች ኔጌቲቭ፣ የፅንሱ ደግሞ አርኤች ፖዘቲቭ ሲሆን ሰውነቷ የፅንሱን ደም የሚዋጋ መከላከያ ሊያመርት ይችላል። የመጀመሪያው ልጅ በአብዛኛው ይተርፋል፤ የሚጎዱት ተከታዮቹ ናቸው። የደም ዓይነቷ በእርግዝና ክትትል ከታወቀ፣ ከወለደች በ72 ሰዓት ውስጥ የሚሰጥ አንቲ ዲ የተባለ መርፌ ችግሩን ይከላከላል። ይሁን እንጂ የዱሮውን ሐዘን ሁሉ በደም ዓይነት ማስረዳት የዋህነት ይመስለኛል። የፎገራ ሜዳና የሐይቁ ዳርቻ ወባማ ናቸው፤ ወባ፣ ኩፍኝና ተቅማጥ የወሰዱት ሕፃንም በሾተላይ ስም ተለቅሶለታል።

የቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ፍርሃት የለበትም። በክርስትና ስም ጾታን የሚለየው መነሻው ነው፤ ገብረ፣ ኃይለ፣ ወልደ ለወንድ፣ ወለተና አመተ ለሴት ይሆናሉ። ተከትሎ የሚመጣው ቅዱስ ወንድም ሴትም ቢሆን ግድ የለም። በቀልዳቸው አገር ያወቃቸው አለቃ ገብረ ሐና የጣና ጎረቤት በሆነችው ፎገራ ተወልደው የእመቤታችንን እናት የሐናን ስም ይዘው ኖረዋል። በአንጻሩ በሐይቁ ምሥራቅ ዳርቻ በቋራጣ ገዳም የምትዘከረው ወለተ ጴጥሮስ (1592–1642 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የሐዋርያውን ስም ተሸክማለች። ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት የማትገባበት ደሴት ነው፤ ገብረ ማርያም የሚባል መነኩሴ ሲገባ ግን ማርያም አብራው ትገባለች።

ከዚህ ውጪ ያለው ጥርጣሬ አብዛኛው ከሰሚው ጆሮ የሚመጣ ነው። ደስታ፣ ስንታየሁ፣ በረከት፣ ሙሉዓለም ለሁለቱም ጾታ ይወጣሉ። ጣሊያኖች የገደሉት አርበኛ ራስ ደስታ ዳምጠው ወንድ ናቸው፤ ሠዓሊዋ ደስታ ሐጎስ ሴት ናቸው። ምሕረት ሲባል ብዙ ሰው ሴት ይጠብቃል፤ የአእምሮ ሐኪሙና ደራሲው ዶክተር ምሕረት ደበበ ግን ወንድ ናቸው። በባሕር ዳር ሙሉዓለም የባህል ማዕከልን በስሙ የሚጠራ ሰው ሙሉዓለም ወንድ ነው ሴት ብሎ አያስብም።

ጣጣው የሚመጣው በወረቀት ላይ ነው። በካርድ ክፍል ወረፋ «ወይዘሮ» ተብሎ ሲጠራ ጢማም ሰው ተነሥቶ «አቤት» ይላል፤ ሰው ይስቃል፤ እርሱ ግን ለምዶታል። በፋይዳ መታወቂያ ጾታ ለብቻው ስለሚሰፍር እንዲህ ያለው ስሕተት ቀለል ይላል። የከበደው የልጆቹ ነገር ነው። የቤተሰብ ስም በሌለበት አገር የአባት ስም ለልጅ ሁለተኛ ስም ስለሚሆን አስተማሪው «የእናትህን ስም ነው ያስመዘገብከው?» ብሎ ይጠይቃል። ስም ለመለወጥ ፍርድ ቤት ማመልከት ይቻላል፤ ነገር ግን እናት አልቅሳ ያወጣችውን ስም መጣል ሟርት ነው የሚሉ አሉ። ልጆቹ ተምረው ከተመረቁ በኋላ ደግሞ የአባትየውን ስም መለወጥ የቤተሰቡን ዲፕሎማና የልደት ምስክር ወረቀት ሁሉ ማረም ይሆናል።