አርስቶትል «ነፍስ» ሲል ምን ማለቱ ነው?

«ሳይኮሎጂ» የሚለው ቃል የመጣው «ፕሲኬ» ከሚለው የግሪክ ቃል ነው። እኛ ነፍስ እንለዋለን። ጣጣውም እዚህ ላይ ይጀምራል። ነፍስ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ሰው ሲሞት ከሥጋው የምትወጣውን ነው። ፕላቶን የሚያነብ ሰው በዚህ ብዙም አይቸገርም። አርስቶትል ጋ ሲደርስ ግን ግራ ይጋባል። ለአርስቶትል ጎመንም ነፍስ አለዋ!

እሱ ነፍስ የሚለው አንድን አካል ሕያው የሚያደርገውን ችሎታ ነው። ተክል ይመገባል፣ ያድጋል፣ ዘሩን ይተካል። እንስሳ በዚህ ላይ የስሜት ሕዋሳት አሉት። ሰው ደግሞ ያስባል።

ምሳሌው ደስ ይላል። ዓይን ራሱን የቻለ እንስሳ ቢሆን ኖሮ ነፍሱ ማየት ይሆን ነበር ይላል። የሐውልት ዓይን ግን በስም ብቻ ነው ዓይን፤ አያይማ። ነፍስና ሥጋ አንድ ናቸው ወይ ብሎ መጨቃጨቅም፣ ሰሙና በላዩ ያረፈው የማኅተም ቅርጽ አንድ ናቸው ወይ እንደማለት ነው።

በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊው ፈላስፋ ሂላሪ ፑትናም አእምሮን ከኮምፒውተር ፕሮግራም ጋር አመሳሰለው። ዋናው የሚሠራው ሥራ እንጂ የተሠራበት ነገር አይደለም አለ። ብዙዎች ይህን ከአርስቶትል ጋር ያዛምዱታል። ዝምድናው ግን ትንሽ የተጋነነ ይመስለኛል። አርስቶትል ስለ ቁጣ ሲያስረዳ የበቀል ፍላጎቱን ብቻ አያነሳም፤ በልብ ዙሪያ የሚፈላውን ደምም አብሮ ይቆጥራል።