«ብርድ ነው» ያልነው እግር፦ ስለ ደም መርጋትና ስለ ወጪው

ታናሽ እህቴ መንዝ ውስጥ በኦፕራሲዮን በወለደች በ12ኛው ቀን ግራ ባቷ አበጠና ጋለ። ቤቱ በሙሉ «ብርድ መትቷት ነው» አለ፤ በቅቤ ታሸች። ከአራት ቀን በኋላ ትንፋሽ ሲያጥራት ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም በሪፈር 130 ኪሎ ሜትር ተጉዘን አዲስ አበባ አደረስናት። ሕመሙ ብርድ ሳይሆን እግሯ ውስጥ የረጋ ደም ነበር። ተርፋለች። ያን ጊዜ ቤታችን ውስጥ የተባለውን ዛሬም በየጎረቤቱ እሰማዋለሁ።

«አራስን ብርድ ሲመታት እግሯ ያብጣል»

ብርድ የአንድ እግር ባት ለይቶ አያሳብጥም። በጥልቁ የደም ሥር ውስጥ ደም ሲረጋ ግን እግሩ በቀናት ውስጥ ያብጣል፣ ይግላል፣ ያማል። እርግዝና ይህን አደጋ አምስት እጥፍ ያህል ይጨምረዋል፤ ከወሊድ በኋላ ያሉት ስድስት ሳምንታት ደግሞ ይብሳሉ። «ዝሆኔ ነው» የሚልም አለ። ዝሆኔ በባዶ እግር ቀይ አፈር ከመርገጥ የሚመጣ፣ ከመርገጫው ተነስቶ በዓመታት የሚያድግ በሽታ ነው። ማሸቱንስ ተዉት፤ የረጋው ደም ተላቆ ሳንባ ሊዘጋ ይችላል።

«በሽተኛና አራስ ከአልጋ አይነሱም»

ሐኪም ካልከለከለ በቀር ቶሎ ተነስቶ መራመድ ዋነኛ መከላከያ ነው፤ ገንዘብም አያስወጣም።

«መከላከያው ውድ ነው፤ ከታመምን እንታከማለን»

እኔን የሚያንገበግበኝ ይኸኛው ነው። ከኦፕራሲዮን በኋላ ለሚያሰጋው ሰው የሚታዘዘው፣ ደም እንዳይረጋ የሚከላከለው የሄፓሪን መርፌ ብዙ ጊዜ ለጥቂት ቀናት ነው። ከረጋ በኋላ ግን አልትራሳውንድ፣ ሲቲ ስካን፣ አልጋ፣ ቢያንስ ሦስት ወር የሚዋጥ ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኪኒን) አለ። የዋርፋሪን ኪኒን ራሱ ውድ አይደለም፤ መጠኑን ለማስተካከል በየጊዜው የሚደረገው የደም ምርመራ ነው ኪስ የሚያራቁተው፤ ምክንያቱም ምርመራው ያለበት ከተማ ድረስ መመላለስ ግድ ነው። እኛ ሁለት በግና አንድ ጊደር ሸጠናል። እግሩ ላይ ደም ከረጋበት ሰው ከ20 እስከ 50 በመቶው ደግሞ እብጠቱና ሕመሙ ለዓመታት ይከተለዋል፤ እርሻ ላይ ቆሞ ለሚውል ሰው ይህ የዕድሜ ልክ ዕዳ ነው። ሀብታም አገርም አልቀረለትም፦ አሜሪካ በዓመት እስከ 10 ቢሊዮን ዶላር ታወጣበታለች፤ ከሆስፒታል ቆይታ ጋር ከተያያዘው የደም መርጋት ደግሞ እስከ 70 በመቶው መከላከል የሚቻል ነው።

«የጤና መድን ስላለን ወጪ የለብንም»

መታወቂያው ትልቅ እፎይታ ነው፤ በየዓመቱ አሳድሱት። ነገር ግን የአስታማሚን እንጀራ፣ የማደሪያን ኪራይ፣ ሳይታጨድ የቀረን ገብስ አይከፍልም። መድኃኒቱ ጤና ተቋሙ ውስጥ ጠፍቶ ከግል መድኃኒት ቤት ሲገዛም መጀመሪያ የሚከፈለው ከኪስ ነው።

«ዋርፋሪን የሚወስድ ጎመን አይቅመስ»

መቅመስ ይችላል። ጎመን መድኃኒቱን ስለሚያደክም የሚበላው የጎመን መጠን ከሳምንት ሳምንት እንዳይለዋወጥ ነው የሚፈለገው። ጾም ሲገባ አመጋገቡ ስለሚቀየር ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል። እህቴ በጾሙም በፍስኩም በሳምንት ሁለት ቀን ጎመን ትበላ ነበር፣ ሐኪሟም ያውቅ ነበር።