አርሲንክ ምንድን ነው?

አንድ ድረ ገጽ በሦስት ሰርቨሮች ላይ ተቀምጦ ሲሠራ፣ በአንዱ ላይ የታረመ ጽሑፍ በቀሩት ሁለቱም ላይ መታረም አለበት። አለበለዚያ አንዱ አንባቢ አዲሱን፣ ሌላው አሮጌውን ያያል። ለዚህ ሥራ ከተሠሩት ፕሮግራሞች በሰፊው የሚታወቀው አርሲንክ ነው። አውስትራሊያውያኑ አንድሪው ትሪጅልና ፖል ማኬራስ በ1996 እ.ኤ.አ. ይፋ አደረጉት። እንደ ዴቢያን ያሉ፣ ሊኑክስ በተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ የተመሠረቱ ሥርጭቶችን በየአገሩ የሚያድሉ ሰርቨሮች ዛሬም ፋይሎቻቸውን የሚያመሳስሉት በእርሱ ነው።

አርሲንክ የሚልከው የተለወጠውን ብቻ ነው። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ሆኖም ሁለት ፋይሎች በምን እንደሚለያዩ ለማወቅ ጎን ለጎን ማስተያየት ያስፈልጋል፤ አዲሱ ደግሞ አንዱ ሰርቨር ላይ፣ አሮጌው ሌላው ላይ ነው። ለማስተያየት ሲባል አንዱ ወደ ሌላው ከተላከ ምን ተቆጠበ?

መፍትሔው እጅግ ግሩም ነው። አሮጌውን የያዘው ተቀባይ ፋይሉን በእኩል ቁራጮች ይከፍለዋል፤ ለትናንሽ ፋይሎች አንዱ ቁራጭ አብዛኛውን ጊዜ 700 ባይት (ባይት የፋይል መጠን መለኪያ ነው) ይሆናል። ከየቁራጩ ይዘት ሁለት ቁጥሮች ያሰላል፤ አንዱ ቶሎ የሚሰላ ግን ሊያሳስት የሚችል፣ ሌላው ስሌቱ ከበድ የሚል ግን የሚታመን። ለላኪው የሚደርሱት እነዚህ ቁጥሮች ብቻ ናቸው። ላኪውም የእነርሱን አምሳያ በአዲሱ ፋይል ውስጥ ይፈልጋል።

ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ከጽሑፉ መጀመሪያ አንዲት የአማርኛ ፊደል ብትጨመር፣ ፊደላት በኮምፒውተር በሚቀመጡበት በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ 3 ባይት ስለምትይዝ የቀረው ሁሉ በ3 ባይት ወደ ኋላ ይገፋል። አዲሱም ፋይል በየ700 ባይቱ ቢቆራረጥ አንዱም ቁራጭ ከአሮጌው ጋር ላይገጥም ነው። ስለዚህ ላኪው አንድ አንድ ባይት እየተራመደ፣ በየእርምጃው ከፊቱ ያሉትን 700 ባይቶች ይፈትሻል። ይህ ኮምፒውተሩን የማያደክመው ፈጣኑ ቁጥር በየጊዜው እንደ አዲስ ስለማይሰላ ነው፤ ከኋላ የወጣው ባይት ይቀነስለታል፣ ከፊት የገባው ይደመርለታል። ቁጥሩ ሲገጥም ብቻ ከባዱ ስሌት ለማረጋገጫ ይሠራል። በምሳሌያችን ከ3 እርምጃ በኋላ ሁሉም መግጠም ይጀምራል። ተቀባዩም አዲሱን ፋይል በእጁ ካሉት ቁራጮችና ከመጡለት ጥቂት ባይቶች ይገጣጥመዋል።

አርሲንክ በተለመደው አሠራሩ፣ መጠናቸውና መጨረሻ የተለወጡበት ሰዓት በሁለቱም በኩል አንድ የሆነ ፋይሎችን ሳይከፍት ያልፋቸዋል። የታመቁና የተመሰጠሩ ፋይሎች ግን በትንሽ ለውጥ ብዙ ይዘታቸው ስለሚቀያየር ቁጠባው ያንሳል።

አጥብቄ የማሳስበው አንድ ነገር አለ። አርሲንክ የሚሠራው ከምንጭ ወደ ግልባጭ፣ በአንድ አቅጣጫ ነው። ዲሊት የሚባለው አማራጭ ከታከለበት ከምንጩ የተሰረዘው ከግልባጩም ይሰረዛል፤ ምንጩ በስህተት ባዶ ከሆነ ግልባጩም ባዶውን ይቀራል። ስለዚህ የተመሳሰለ ግልባጭ መጠባበቂያ ነው ብሎ መተማመን አይገባም፤ የቀደሙት ቀናት ቅጂዎች ለብቻቸው መቀመጥ አለባቸው። ዲሊትን ከመጠቀም በፊትም ድራይ ረን በተባለው የሙከራ አማራጭ የሚሰረዙትን ፋይሎች ዝርዝር አስቀድሞ ማየት ይቻላል። በሁለቱም ሰርቨሮች ላይ የሚጻፍ ከሆነ ደግሞ ለውጦችን ከሁለቱም ወገን የሚያስታርቅ፣ እንደ ዩኒሰን ያለ ፕሮግራም ይሻላል።