«ዲ ሚኒሚስ» ምንድን ነው? የአኒሜ ፊገር ዋጋስ ለምን ናረ?

ከመደርደሪያችሁ ላይ አንድ የአኒሜ ፊገር (የጃፓን ካርቱን ገጸ ባሕርይ ትንሽ ቅርጽ) ሣጥን አንሡና ከግርጌው ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብቡ። ገጸ ባሕርይው የጃፓን ነው፤ ኩባንያውም የጃፓን፤ የሸጠላችሁ ሱቅ ደግሞ ቶኪዮ፣ አኪሃባራ ሠፈር ሊሆን ይችላል። ጽሑፉ ግን አብዛኛውን ጊዜ «በቻይና የተሠራ» ይላል። ለብዙ ዓመታት ይህችን መስመር ከልብ ያነበበ ሰብሳቢ አልነበረም። በ2025 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አሜሪካ ውስጥ የሚኖር ሰብሳቢ ኪስ ላይ ፈራጅ የሆነችው ግን እሷ ናት። ነገሩን ለመረዳት አንድ የላቲን ሐረግ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ዲ ሚኒሚስ።

ቃል በቃል «ስለ ጥቃቅን ነገሮች» ማለት ነው። ሕግ በጥቃቅን ጉዳይ አይጠመድም ከሚለው የቆየ የሕግ ብሂል የተወሰደ ነው። በጉምሩክ አሠራር ደግሞ ዋጋው ከተወሰነ ጣሪያ ያልበለጠ ዕቃ ያለ ቀረጥ እንዲገባ የሚፈቅድ ድንጋጌ ነው። ሁለት ዶላር ቀረጥ ለማስገባት የአምስት ዶላር ድካም መድከም መንግሥትንም አይጠቅምም። አሜሪካ ድንጋጌውን ሕጓ ውስጥ ያስገባችው በ1938 ሲሆን፣ ጣሪያው እያደገ መጥቶ 200 ዶላር ደረሰ፤ በ2016 ደግሞ በአንድ ጊዜ ወደ 800 ዶላር ከፍ አለ።

800 ዶላር ለአኒሜ ሰብሳቢ ሰፊ በር ነበር። ተለቅ ያለና በጥንቃቄ የተቀባ ፊገር ጃፓን ውስጥ ከ15 እስከ 25 ሺህ የን ቢያወጣ፣ ሦስት ወይም አራቱን በአንድ ጥቅል አስልኮ አንዲት ሳንቲም ቀረጥ ሳይከፍሉ መቀበል ይቻል ነበር። ሰው ከቶኪዮ ሲገዛ ራሱን እንደ ተራ ገዢ እንጂ እንደ አስመጪ አይቆጥርም ነበር። በሕግ ዓይን ግን ድሮም አስመጪ ነው፤ በሩ ሰፊ ስለነበረ ብቻ አልታወቀውም።

በሩ የተዘጋው በሁለት ደረጃ ነው። ሜይ 2 ቀን 2025 ለቻይናና ለሆንግ ኮንግ ምርቶች፣ ኦገስት 29 ቀን ደግሞ ለቀሩት አገሮች ሁሉ። ብዙ ሰው የተሳሳተው የመጀመሪያው ቀን ላይ ነው። «እኔ የምገዛው ከጃፓን ነው፤ የቻይና ቀረጥ ምን ያገባኛል?» አለ። ያገባዋል። ቀረጥ የሚከተለው ጥቅሉ የተላከበትን አገር ሳይሆን ዕቃው የተሠራበትን አገር ነው። ቶኪዮ፣ ናካኖ ሠፈር ካሉት የአሮጌ ዕቃ መሸጫዎች የተገዛ የአሥር ዓመት ፊገር እንኳ ቻይና ከተሠራ የቻይና ዕቃ ነው።

ስለዚህ በ2025 በአንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን የሚቆሙ ሁለት ዕቃዎች ሁለት የተለያየ ዕጣ ነበራቸው። ትልቅ ጭንቅላት ያላቸው ኔንዶሮይድ የሚባሉት ትንንሽ ፊገሮች በብዛት የሚመረቱት ቻይና ነው። ጋንዳም የሚባለው የሮቦት አኒሜ ተገጣጣሚ ሞዴል ግን ባንዳይ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ሺዙኦካ ከተማ ባለው ፋብሪካው ውስጥ የሚያመርተው ነው። በ2025 መጨረሻ አካባቢ የጃፓን ምርት የሚከፍለው ቀረጥ 15 በመቶ ነበር። የቻይናው በኤፕሪል ተደማምሮ 145 በመቶ ደረሰ፤ ከሜይ 14 ጀምሮ ወደ 30 በመቶ ወረደ፤ ከዚያም ተለዋወጠ። መቶ ዶላር የሚያወጣ ቻይና የተሠራ ፊገር በግል አጓጓዥ በሜይ መጀመሪያ ቢደርስ ቀረጡ 145 ዶላር፣ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ቢደርስ 30 ዶላር ማለት ነው። ዕቃው ያው ዕቃ ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ይህ የጊዜ ጉዳይ ነው። የፊገር ገበያ የሚኖረው በቅድመ ትዕዛዝ ነው። ናሙናው ቀለም ተቀብቶ ሲታይ ሰብሳቢው ያዝዛል፤ ዕቃው ግን የሚደርሰው ከስድስት ወር፣ ከዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቆይቶ ነው። የብረት ቅርጽ ማውጫው ይሠራል፣ ፕላስቲኩ ይፈስሳል፣ ዓይኑና ፀጉሩ በሠራተኛ እጅ ጭምር ይቀባል፤ ማምረቻው በዘገየ ቁጥርም ቀኑ ይገፋል። ቀረጡ ደግሞ የሚሰላው ባዘዙበት ቀን በነበረው ተመን ሳይሆን ዕቃው አገር ውስጥ በገባበት ቀን ባለው ነው። በ2024 መከር ላይ ያዘዘ ሰው ስለ ቀረጥ ሊያስብ የሚችልበት ምክንያት አልነበረውም። ሕግ ለመተላለፍ ያልሞከረ፣ በጀቱን አስቦ ያዘዘ ወጣት ከዓመት በፊት በገባው ቃል ያልጠበቀውን ዕዳ ሲሸከም ማየት ያሳዝናል።

በዚህ ላይ ፖስታው ተቋረጠ። የጃፓን ፖስታ ከኦገስት 27 ቀን 2025 ጀምሮ ወደ አሜሪካ የሚሄዱ አብዛኞቹን ጥቅሎች መቀበል አቆመ፤ ደብዳቤና ሰነድ፣ እንዲሁም በግለሰቦች መካከል የሚላክ ከ100 ዶላር ያልበለጠ ስጦታ ብቻ ቀረ። ምክንያቱ ቀረጡን ማን ሰብስቦ ለማን እንደሚያስገባ አሠራሩ ግልጽ አለመሆኑ ነበር። ሰብሳቢው ርካሹን መንገድ አጥቶ ወደ ፈጣን የግል አጓጓዦች ዞረ። እነሱ ደግሞ ከቀረጡ በተጨማሪ የትራንዚተርነት ሥራቸውን ያስከፍላሉ።

ይህ የድሮውን ስሌት ገለበጠው። ቀድሞ ብልኅ የሚባለው ሰው ጥቅሉ ከ800 ዶላር እንዳያልፍ የሚከፋፍል ነበር። አሁን የአገልግሎት ክፍያው በየጥቅሉ ስለሚቆረጥ ብልኅነቱ አጠራቅሞ በአንድ ሣጥን ማስላክ ሆነ። የአገር ውስጡ ሱቅም እንደገና ዋጋ አገኘ። አንድ ሱቅ ፊገሩን ከአምራቹ በ60 ዶላር ገዝቶ በ100 ይሸጣል እንበል። ቀረጡ 30 በመቶ በነበረበት ጊዜ በ60ው ላይ ስለሚሰላ 18 ዶላር ነበር፤ ግለሰቡ በችርቻሮ ዋጋ አስመጥቶ ከሚከፍለው 30 ያንስ ነበር። ሻጩን «ዋጋውን ዝቅ አድርገህ ጻፍልኝ» ብሎ መለመን ግን ሐሰተኛ ሰነድ ነው፤ ጥቅሉ መንገድ ላይ ቢጠፋም ካሳው የሚታሰበው በዚያው በተጻፈው ዋጋ ነው።

ከዚህ ሁሉ ያመለጡ ዕቃዎችም ነበሩ። የ2025ቱ ቀረጦች የተመሠረቱበት የ1977 የአስቸኳይ ጊዜ ሕግ የመረጃ ቁሳቁስ የሚላቸውን አይነካም። መጻሕፍት፣ ፊልሞች፣ ፖስተሮች፣ ሲዲዎችና የሥነ ጥበብ ሥራዎች በዚህ ውስጥ ይካተታሉ። ማንጋ (የጃፓን የካርቱን መጽሐፍ) እና የአኒሜ ሥዕል መጻሕፍት የሚሰበስብ ሰው፣ ጓደኛው በፊገሩ ሲሰቃይ፣ የሚያስበው ስለ ማጓጓዣው ብቻ ነበር።

አዲስ አበባ ሆኖ ለሚያነብ ሰው ቀረጥ አዲስ ወሬ አይደለም። ልዩነቱ ስሌቱ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ነው። አሜሪካ ቀረጥ የምታሰላው በዕቃው ዋጋ ላይ ነው፤ የባሕር ማዶ ማጓጓዣው አይገባበትም። ኢትዮጵያ ግን ኢንሹራንሱንና ማጓጓዣውን ደምራ ነው። የመቶ ዶላር ፊገር በ40 ዶላር የአየር ማጓጓዣ ቢመጣ፣ ኢንሹራንሱን ብንተወው እንኳ፣ የእኛ ስሌት የሚነሣው ከ140 ነው። ከዚያ በኋላ ቀረጡ፣ ሱር ታክሱ፣ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስና ከ2022 ጀምሮ የመጣው 3 በመቶ የማኅበራዊ ልማት ቀረጥ ይከተላሉ።